ከበሩ ማዶ ማን አለ? የአጭር ኮርስ ረጅም ታሪክ

«ቡትካምፕ» የሚለው ቃል ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የመጣ ነው። ምልምል ወታደር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ የሚወጣበት ማሰልጠኛ ማለት ነው። የኮድ ትምህርት ቤቶች ስሙን የተዋሱት በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ ግን ከስሙ ብዙ ይቀድማል። ሌላ ሙያ ያለውን ሰው በአጭር ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ከሥራ መልስ፣ አስተምሮ ኮምፒውተር ፊት ማስቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ከተሠሩበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው።

ይህን ታሪክ ማወቅ ምን ይጠቅማል? ዛሬ አንድ የሲቪል ምሩቅ ወይም አንዲት የባንክ ገንዘብ ያዥ «በ6 ወር ዴቨሎፐር ይሁኑ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማሉ። አንዱ «ጊዜው የቴክ ነው፣ ዝም ብለህ ግባበት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሰው 4 ዓመት የሚማረውን አንተ በ6 ወር ልትችለው ነው?» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ኮርሱ ርዝመት ነው። የ80 ዓመቱን ታሪክ ሳነበው ግን ርዝመቱ ያን ያህል ወሳኝ ሆኖ አላገኘሁትም። ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ኮርሱ አልቆ በሩ ሲከፈት ማዶ የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ?

ፊላደልፊያ፣ 8 ሳምንት

ከ1945 እንጀምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያስፈልገው ነበር። ስሌቱን በእጅ የሚሠሩት በአብዛኛው ሒሳብ የተማሩ ሴቶች ነበሩ፤ የሥራ መደባቸውም ራሱ «ኮምፒውተር» ይባል ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ሰው ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙር ስኩል ኤኒያክ የተባለው 30 ቶን የሚመዝን ማሽን ሲሠራ፣ ከእነዚህ ሴቶች መካከል 6ቱ ፕሮግራም እንዲያደርጉት ተመረጡ፦ ኬይ ማክነልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራን ቢላስ እና ሩት ሊክተርማን።

የሚያስተምራቸው መምህር አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም ከእነሱ በፊት ያን ሥራ የሠራ ሰው የለም። መጀመሪያ የካርድ መብሻ ማሽኖችን እንዲለማመዱ ወደ ሜሪላንድ ተላኩ። ሲመለሱ ደግሞ ፕሮጀክቱ ምስጢር ስለነበር ማሽኑን ማየት ስላልተፈቀደላቸው ከስዕላዊ ንድፉ እያነበቡ ነው የተማሩት። በየካቲት 1946 ኤኒያክ ለሕዝብ ሲታይ፣ የመድፍ ጥይት ዒላማው ላይ ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ስሌቱን ጨርሶ ተመልካቹን አስደነቀ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሴቶች ግን ማታ በተደረገው የእራት ግብዣ ላይ እንኳ አልተጠሩም።

በዚያው ዓመት በበጋው ሙር ስኩል አንድ ኮርስ ከፈተ። ከሐምሌ 8 እስከ ነሐሴ 31፣ 8 ሳምንት። የተጋበዙት 28 ሰዎች ሲሆኑ የመጡት ከጦር ኃይሉ፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከምርምር ተቋማት ነው። ከእነሱ አንዱ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሞሪስ ዊልክስ ነበር። ጦርነቱ ገና ማለቁ ስለነበር መርከብ አጥቶ ዘገየና ሊጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ደረሰ። ሁለት ሳምንት ብቻ! ወደ ቤቱ ሲመለስ እዚያው መርከብ ላይ የራሱን ማሽን ንድፍ ማውጣት ጀመረ። በግንቦት 1949 ኤድሳክ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ሠራ፤ ለተመራማሪዎች በመደበኛነት አገልግሎት መስጠት ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮችም አንዱ ሆነ።

የዛሬ አስተዋዋቂ ይህን ቢያገኘው «በሁለት ሳምንት ኮምፒውተር የሠራው ሰው» ብሎ ይለጥፈው ነበር። ነገር ግን ዊልክስ የካምብሪጅ የሒሳብ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበር። የሚመለስበት ክፍል፣ ሠራተኛና በጀት ነበረው። ሁለት ሳምንት የበቃው ለዚህ ነው። ለተማረው ነገር ቦታ ተዘጋጅቶለታል።

እየተከፈለህ መማር

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ አየር ኃይል ሴጅ የተባለ የአየር መከላከያ ሥርዓት መገንባት ጀመረ። ሥራው የሚፈልገው ፕሮግራመር በመላ አገሪቱ ከነበረው ይበልጥ ነበር። በዘርፉ የሚመረቅ ሰው አይጠበቅም፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ራንድ የተባለው ተቋም፣ በኋላም ከእሱ ተነጥሎ በ1957 የቆመው ሲስተም ዴቨሎፕመንት ኮርፖሬሽን፣ ሌላ ሙያ ያላቸውን ሰዎች በሺዎች እየፈተነ ወስዶ አሠለጠነ። ኩባንያዎች የሚፈልጉት የማሰብ ችሎታን እንጂ ዲግሪን አልነበረም። አይቢኤምም በ1955 የፕሮግራመር ዝንባሌ ፈተና ያወጣው ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሠልጣኞቹ ከፋዮች አልነበሩም፤ ተከፋዮች ነበሩ። አሠልጣኙና ቀጣሪው አንድ ነው። አሠልጣኙ መጥፎ ቢያስተምር ኪሳራው የራሱ ነው፣ ምክንያቱም ነገ ኮዱን የሚጽፍለት ያው ሰውዬ ነው። ብዙዎቹ ከሠለጠኑ በኋላ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍሉ ኩባንያዎች ሄዱ፤ በዚህም ሳይታሰብ ለአገሪቱ ኢንዱስትሪ ፕሮግራመር ያፈራ ትምህርት ቤት ሆነ።

የማታ ተማሪዎቹ

ሁሉም ግን እንዲህ አልታደለም። በቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ከተማ፣ ሜሪ ጃክሰን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በ1942 በሒሳብና በፊዚካል ሳይንስ ተመርቃ አስተማሪም፣ የሒሳብ መዝገብ ያዥም ሆና ሠርታለች። በ1951 በላንግሊ የበረራ ምርምር ማዕከል፣ ጥቁር ሴቶች ለብቻቸው ተለይተው በሚሠሩበት የስሌት ክፍል ተቀጠረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ካዚሚርዝ ዛርኔኪ ከተባለ ኢንጂነር ጋር 60,000 የፈረስ ጉልበት ባለው የነፋስ መሿለኪያ ላይ መሥራት ጀመረች። ሰውየው ሥራዋን አይቶ ኢንጂነር እንድትሆን ገፋፋት።

ለዚያ የሚያስፈልጉትን ኮርሶች ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሰጣል። ክፍሉ ያለው ግን በሃምፕተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ደግሞ የነጮች ብቻ ነበር። ጃክሰን ገብታ ለመማር ከከተማው አስተዳደር ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። ጠየቀች፣ ተፈቀደላት፣ ከሥራ መልስ ተማረች፣ በ1958 በናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኢንጂነር ሆነች። ዛሬ በዋሽንግተን ያለው የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት በስሟ ይጠራል።

ከባሕር ማዶ በእንግሊዝ ደግሞ ስቴፋኒ ሸርሊ ነበረች። በልጅነቷ ከናዚ ጀርመን የሸሸች ስደተኛ ነበረች። በ18 ዓመቷ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጥራ፣ ማታ ማታ ለ6 ዓመት ተምራ በሒሳብ ዲግሪ ያዘች። በ1962 በ6 ፓውንድ ካፒታል የሶፍትዌር ኩባንያ አቋቋመች። የምትቀጥራቸው ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ሥራ ያቆሙ ሴት ፕሮግራመሮችን ነበር፤ ከቤታቸው ሆነው፣ በሚመቻቸው ሰዓት ይሠራሉ። የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤዎቿ መልስ ሲያጡ «ስቲቭ» ብላ መፈረም ጀመረች፤ መልሱም መምጣት ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶቹ 3 ብቻ ነበሩ። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም የተሠራው በእነዚህ ሴቶች ነው።

የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የማየው ይህን ነው። ጃክሰን ጎበዝ ስለነበረች ብቻ አይደለም ኢንጂነር የሆነችው። ኮርሱን ስትጨርስ የምትገባበትን መደብ የሚያውቅ፣ «ተማሪ፣ ቦታ አለሽ» ያላት ሰው እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበረ። ሸርሊ ደግሞ በሩ ለሌሎች ሴቶች እንደማይከፈት ስታይ ከበሩ ማዶ የሚቆመው ሰው ራሷ ሆነች። ድካማቸውን ላሳንሰው አይደለም። ከ8 ሰዓት ሥራ በኋላ ደብተር መግለጥ ምን እንደሚመስል የማታ ተማሪ የነበረ ያውቀዋል። ነገር ግን ድካም ብቻውን በር አይከፍትም።

በሩ ሲሸጥ

በ1960ዎቹ አጋማሽ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ብቅ አለ። ኩባንያዎች ፕሮግራመር ጠፋ እያሉ ሲጮኹ የሰሙ ነጋዴዎች በየአሜሪካ ከተማው የ«ዳታ ፕሮሰሲንግ» ትምህርት ቤት ከፈቱ። አሁን ከፋዩ ተማሪው ሆነ። አሠልጣኙ ገንዘቡን የሚያገኘው ተማሪው ሲመዘገብ እንጂ ሲቀጠር አይደለም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የሚለማመዱበት ኮምፒውተር እንኳ በአግባቡ አልነበራቸውም፤ የእነሱን ሰርተፊኬት የማይቀበሉ ቀጣሪዎችም በዙ። የ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሲመጣ ገበያው ቀዘቀዘ።

ከ40 ዓመት በኋላ ያው ነገር አዲስ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። በ2012 ዴቭ ቡትካምፕ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ፍላታይረን ስኩል በኒው ዮርክ ተከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእርግጥም ብዙ ሰው አስቀጥረዋል፤ ስማርትፎን ዓለምን እያጥለቀለቀ ነው፣ ስታርትአፕ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ችግሩ የመጣው የተመራቂው ቁጥር ሲበዛ ነው። በ2017 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ፍላታይረን ስኩልን 375,000 ዶላር አስከፈለ። ትምህርት ቤቱ ያለ ፈቃድ ሠርቷል፤ ከተመራቂዎቼ 98.5 በመቶው ተቀጥረዋል ያለውም የኮንትራት፣ የፍሪላንስና የተለማማጅነት ሥራዎችን ጭምር ቆጥሮ መሆኑን በግልጽ አላሳወቀም። በዚያው ዓመት ዴቭ ቡትካምፕ ተዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ለሠራተኛ የተመቸው የዩኒቨርሲቲ ቡትካምፕ ነው። በሳምንት ሁለት ማታና ቅዳሜ፣ ለ24 ሳምንት፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ10,000 ዶላር በላይ። ሥራህን ሳትለቅ ትማራለህ፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ብዙ ተማሪ ያላስተዋለው ነገር፣ ከኮርሱ ጀርባ ያለው ትሪሎጂ የተባለ የግል ኩባንያ መሆኑን ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው፣ መምህራኑን የሚያመጣው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን አበድሮ ከገቢው ይካፈላል። በ2019 ቱ-ዩ የተባለ ኩባንያ ትሪሎጂን በ750 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በሐምሌ 2024 ቱ-ዩ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ቡትካምፖቹን እንደሚያቆም አስታወቀ።

በመሀል «እስክትቀጠር አትክፈል» የሚልም መጥቶ ነበር፤ ከደመወዝህ በመቶኛ ትከፍላለህ። ላይ ላዩን ሲታይ የአሠልጣኙንና የተማሪውን ጥቅም ያገናኛል። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ላምብዳ ስኩል፣ በኋላ ስሙን ለውጦ ብሉምቴክ፣ ነው። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እርምጃ ሲወስድበት እንደገለጸው፣ ትምህርት ቤቱ እስከ 86 በመቶ ተቀጥረዋል ብሎ ሲያስተዋውቅ በውስጡ የያዘው ቁጥር ግን ወደ 50 በመቶ የሚጠጋ፣ በአንዳንድ ዙሮች እስከ 30 በመቶ የወረደ ነበር።

ልዩነቱ ይታያችኋል? በ1946ም በ2019ም ኮርሱ አጭር ነው፤ ይዘቱ ደግሞ በ2019 በብዙ እጥፍ የተሻለ ነው። የተለወጠው የሚሸጠው ነገር ነው። ያኔ ሥራው ስላለ ኮርሱ ተከፈተ። በኋላ ግን ሥራ ይኖራል ተብሎ ኮርሱ ተሸጠ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአስር ሺዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ፣ ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩ ሥራዎችንም ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መሞከር ሲጀምሩ፣ በሩ ማዶ ማንም እንዳልቆመ ታወቀ።

እኛስ?

የማታ ትምህርት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። «ኤክስቴንሽን» የሚለውን ቃል ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ የለም። ስንት ጸሐፊ፣ ስንት መምህር፣ ስንት ወታደር ቀን እየሠራ ማታ ተምሯል። ያ ትምህርት የሠራበት ምክንያት ግን ቀላል ነው፦ ተማሪው ቀድሞውኑ መሥሪያ ቤት አለው፣ ዲግሪውን ሲያመጣ እርከኑ ያድጋል። ከበሩ ማዶ የራሱ አለቃና የራሱ የደመወዝ ሠንጠረዥ ይጠብቁታል።

ወደ ውጭ የወጣውም ወገን ይህን ያውቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ ከፓርኪንግና ከታክሲ ወደ ዳታቤዝ ወይም ወደ ሶፍትዌር ቴስቲንግ የተሻገሩ ሰዎችን ታሪክ ብትጠይቁ፣ ከኮርሱ እኩል የምትሰሙት ስለ ሰው ነው። ቀድሞ የተቀጠረው የቤተ ክርስቲያን ወይም የእቁብ ወዳጅ «እኛ ጋ ሰው እየፈለጉ ነው፣ ሲቪህን ላክልኝ» ያለበት ቀን አይረሳም። በእስራኤልም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቤተ እስራኤላውያን የተመሠረተው ቴክ ካሪየር ኮድ ማስተማሩን ከኩባንያዎች ጋር ከማገናኘት አልለየውም።

አገር ቤት ያለነው ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለን። ከ2008 (በእኛ 2000 ዓ.ም.) ጀምሮ በ70/30 ፖሊሲ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተደረገ። ምሩቃኑ ሥራው ከሚችለው በላይ ሆኑ። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ፤ በኢንጂነሪንግ ተመርቄ የምኖረው ኮድ በመጻፍ ነው። ዛሬ ሙያ ለመቀየር ማታ ኮርስ የሚገባው ኢንጂነር ብዙ ጊዜ ከመረጠው ሙያ አይደለም የሚሸሸው፤ ከተመደበበት ነው።

አብረውኝ ማታ ማታ ከተማሩት ውስጥ በኮድ ከሁላችንም የሚበልጥ ልጅ ነበር። መብራት ሲጠፋ እንኳ በስልኩ እያነበበ ይቆያል። ሰርተፊኬቱን ይዞ አንድ ዓመት ከሩብ ሥራ ፈለገ። ሌላው ደግሞ በክፍሉ መካከለኛ የሚባል፣ የአንድ አስመጪ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሦስተኛው ወር በወረቀት ሲሠራ የኖረውን የገቢና ወጪ መዝገብ ወደ ትንሽ ሶፍትዌር ለውጦ ለአለቃው አሳየ። ኮርሱ ሳያልቅ መደቡ ተቀየረ። ጎበዙ ልጅ የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ ማዶ የሚያውቀው ሰው ነበር።

መንግሥት በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ያስጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ አንድ ትልቅ ችግር ፈቷል፤ ኮርሱ ነጻ ነው። 10,000 ዶላር አበድሮ የሚያስጨንቅ የለም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ሚሊዮኖች ሰርተፊኬት ይዘው ሲወጡ የሚቀበላቸው ማን ነው? ባንኮቻችን፣ ሆስፒታሎቻችን፣ ዩኒየኖቻችንና ክፍለ ከተሞቻችን አሁንም በወረቀት ክምር ውስጥ ናቸው፤ ሥራ ጠፍቶ አይደለም። ግን እንደ ዛርኔኪ አጠገቡ ያለውን ሠራተኛ አይቶ «ሄደህ ተማር፣ ስትመለስ ይህን ትሠራለህ» የሚል ኃላፊ ካልበዛ ኮርሱና ሥራው ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ስለዚህ ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ስለ ሳምንቱ ብዛት ብዙ አትጨነቁ። በምትኩ አሠልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁት። ከባለፈው ዙር የተቀጠሩትን ስታስቡ ማንን ቆጥራችሁ ማንን ተዋችሁ? ከኮርሱ ጀርባ ያለው፣ ገንዘቡን የሚወስደው ማን ነው? ካለፈው ዙር ሁለት ተመራቂ፣ አንድ የተቀጠረና አንድ ያልተቀጠረ፣ ታገናኙኛላችሁ? መልስ የማይሰጥ ከሆነ እሱም መልስ ነው።

ለራሳችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ አሁን በምሠራበት ቦታ፣ በማውቀው ሥራ ውስጥ፣ በወረቀት የሚሠቃይ የትኛው ክፍል ነው? ፋርማሲስት ከሆንሽ የመድኃኒት ማለቂያ ቀን መከታተያውን ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። የሳይት ኢንጂነር ከሆንክ የሲሚንቶና የብረት ወጪ እንዴት እንደሚምታታ በዓይንህ አይተሃል። የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁ ያ ይሁን፤ ኮርሱ እስኪያልቅም አትጠብቁ፣ በሦስተኛው ወር ለአለቃችሁ አሳዩት።